ላይን አራት እና ከተልባ የመጣው ቃል

ሥራ የገባሁት ሰኞ ቀን ነው። ላፍቶ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው የልብስ ፋብሪካ በር ላይ የቆመው ጥበቃ የቅጥር ወረቀቴን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ላይን አራት» አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አልጨመረም። እኔም በመጀመሪያው ቀን ደንቆሮ መባል ስላልፈለግኩ አልጠየቅኩም።

ከዚያ በፊት ብስራተ ገብርኤል፣ አክስቴ ሱቅ ውስጥ፣ ስልክ የማስደውል ልጅ ነበርኩ። ለእኔ ላይን ማለት ስልክ ነው። «ላይኑ ተይዟል»፣ «ላይን የለም»፣ «ላይኑ ተቆረጠ» ስል ነው ያደግኩት። የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ስንት ስልክ ቢኖር ነው አራተኛው ላይ የሚመድቡኝ እያልኩ ገባሁ።

አዳራሹ ውስጥ ስልክ የሚባል ነገር አልነበረም። በረድፍ የተደረደሩ የስፌት ማሽኖች፣ ያጎነበሱ ሴቶች፣ ከጣሪያው በሽቦ የተንጠለጠሉ ቁጥሮች ነበሩ። አራት ቁጥር ሥር አንዲት ረጅም ሴት ካፖርት ጭኗ ላይ ዘርግታ በእጅ መርፌ ገበር ትሰፋለች። ወርቅነሽ ትባላለች። ጥቂት ዓመት ስለምትበልጠኝ ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ወርቄ እላታለሁ።

«ስሚ» አለችኝ ቀና ሳትል። «ከዚያ ጫፍ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይገባል፣ ከዚህ ጫፍ ካፖርት ይወጣል። መሀል ያለነው ሁሉ ላይን ነን። በቀኝሽ ያለችው ትሰጥሻለች፣ አንቺ ድርሻሽን ሠርተሽ በግራሽ ላለችው ታሳልፊያለሽ። እጅሽ ላይ ያቆየሽ ቀን እንጣላለን።»

መቀስ ሰጠችኝ። ሥራዬ ሄልፐር ነበር፤ የተረፈ ክር መቁረጥና ጥቅሉን ካንዷ ወደ ሌላዋ ማቀበል። ከሄልፐር በላይ ኦፕሬተር አለች፣ መስፊያው ላይ የምትቀመጠዋ። ከእሷ በላይ ላይን ሊደር፣ ከላይን ሊደር በላይ ሱፐርቫይዘር። ከዚያ በላይ ያሉት ቢሮ ስላላቸው ስማቸውን ለማወቅ አልቸኮልኩም።

እየዋልኩ ሳድር ያ ቃል እየበዛብኝ መጣ። በጠመኔ ጨርቁ ላይ የሚሰመረው ላይን ነው። ኮቱ ትከሻ ላይ አልቀመጥ ሲል «ላይኑን ስቷል» ይባላል። ምሳ ሰዓት ካፍቴሪያው በር ላይ የምንሰለፈውም ላይን ነው፤ ጣልቃ ልትገባ የሞከረች «ላይን ያዢ!» ተብላ ትመለሳለች። ከውጭ የሚመጣው የትእዛዝ ወረቀት ላይ ደግሞ ገበሩ ራሱ ላይኒንግ ተብሎ ይጻፋል። አንድ ቀን ለእትዬ ወርቄ «እነዚህ ሰዎች ሌላ ቃል የላቸውም እንዴ?» ብላት፣ «ድሃ ናቸው መሰለኝ። አንዷን አጥበው አጥበው ነው የሚለብሷት» አለችኝ።

ዴድላይን የሚለውን፣ የማስረከቢያውን የመጨረሻ ቀን ማለት ነው፣ ደግሞ ከደንበኛ ተማርኩ። የጥበቃ ሠራተኞች ካፖርት ያዘዘ ነጋዴ ነበር። ራሱ አዳራሹ ድረስ ገብቶ መሀል ላይ ቆመና «ዴድላይኑ ዓርብ ነው!» ብሎ ጮኸ። ያኔ ኦፕሬተር ሆኛለሁ፣ እጅጌ እገጥማለሁ። «ዓርብ ጠዋት ነው ከሰዓት?» አልኩት። «ዓርብ ነው አልኩ!» አለ። «እንግዲያው ከሰዓት ነው» ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሱፐርቫይዘራችን በዓይኑ ሊበላኝ ደረሰ። ካፖርቱ ዓርብ ከሰዓት ወጣ። ነጋዴው ሊረከብ ሲመጣ እኔን ፈልጎ «አንቺ ምላሰኛ፣ ቃልሽን ጠብቀሻል» አለኝ። ላይን ሊደር ያደረጉኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ምክንያቱን ሲናገር «ድምፅሽ ከማሽኑ በላይ ይሰማል» አለ። ሌላ ችሎታ አልጠቀሰልኝም።

የአዳራሹ ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ተጽፏል። አንበሳው ማን እንደሆነ አልተጻፈም፤ እያንዳንዳችን የየራሳችን ግምት ነበረን።

ስለ አንድ ልማዳችን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው። እጅ ማዋስ እንለዋለን። ከላይኑ አንዷ ከወሊድ ተመልሳ አቅም ካጣች፣ ሐዘን ላይ ከሆነች፣ ወይ ካመማት፣ አጠገቧ ያለችው ከጥቅሏ ጥቂት ታነሳና ትሰፋላታለች። የተሰፋውን መልሳ የእሷ ክምር ላይ ታስቀምጣለች። ይህ ሁሉ ያለ ድምፅ ነው የሚሆነው። ማመስገን ነውር ነበር፤ ያመሰገነች ሴት ለጠቅላላው አዳራሽ እንዳወራች ይቆጠራል። ልጄን ወልጄ የተመለስኩ ጊዜ እትዬ ወርቄ ስንት ካፖርት እንደሰፋችልኝ አላውቅም። አልጠየቅኳትም፣ አልነገረችኝም።

እጅ የመዋስ ተራው ለእሷም ደረሰ። ዕድሜ ልኳን በመርፌ ወፍራም ጨርቅ ሲወጋ የኖረው ቀኝ እጇ ጠዋት ጠዋት ይደነዝዝ ጀመር። መርፌውን መያዟን የምታውቀው በዓይኗ አይታ ነው። ከሰዓት እጇ ሲሟሟቅ እንደ ድሮዋ ትሰፋለች፤ ጠዋት ግን ግማሽ ሰው ናት። ሐኪሙ «አሳርፊው» አላት። ለሰፊ እጅ ማሳረፍ ማለት ሥራ መልቀቅ ነው። ባሏ የለም፣ ልጆቿ ገና እጇን ያያሉ፣ በዚያ ዕድሜ ደግሞ የሚቀጥራት ፋብሪካ የለም።

አጠገቧ የምትቀመጠው ሰላም ነበረች። ሰላም ከወላይታ የመጣች፣ መካኒሳ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ ስትሰፋ መዝሙር በአፍንጫዋ የምታንጎራጉር ልጅ ናት። እጇ ፈጣን ነው፤ እንዲህ ያለ እጅ በሥራ ዘመኔ ሁለት ሦስት ብቻ ነው ያየሁት። ገና የሙከራ ጊዜዋ ላይ ነበረች። ማንም ሳይነግራት ልማዱን አይታ ተማረች፣ ጠዋት ጠዋትም ለእትዬ ወርቄ እጅ ማዋስ ጀመረች።

አዲሱ የምርት ሥራ አስኪያጅ አቶ መስፍን የመጣው በዚህ መሀል ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ትእዛዝ እየቀነሰ፣ ደንበኛ እየሸሸ ስለነበር ፋብሪካውን ከመዘጋት ለማዳን ነው የመጣው። «ቦተም ላይኑ» ይላል፣ ንግግሩን ሊጨርስ ሲል። የሒሳብ የመጨረሻዋ መስመር ማለት ነው፤ ትርፍ ይሁን ኪሳራ የሚታይባት። ላይን የሚለው ቃል አንድ ትርጉም ጨመረልኝ። «ቦተም ላይኑ፣ ከየላይኑ የሚያዘገየውን ወንበር ለይተን ፈጣን ሰው እናስቀምጥበታለን» አለን።

ለመለየት ናትናኤል የሚባል ወጣት ኢንጂነር ተመደበ። ከእያንዳንዷ ሴት ኋላ ይቆምና በስልኩ ሰዓት ይዞ፣ ተሰፍቶ ክምሯ ላይ የሚቀመጠውን ይቆጥራል። መጀመሪያ ጠላነው። ቀስ በቀስ ግን ትሑት ልጅ መሆኑን አየን፤ ለክቶ ሲጨርስ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል። ናቲ ማለት ጀመርን።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ፣ ጀነሬተሩም አልነሳ አለ። ማሽኖቹ ዝም ሲሉ የሴቶቹ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ናትናኤል የሚለካው አጥቶ አንድ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀመጠ።

«ናቲ» አልኩት፣ «አንተ የተማርክ ነህ። እስቲ ንገረኝ፤ ስልኩ ላይን፣ ሰልፉ ላይን፣ እኛ ላይን፣ ገበሩ ላይኒንግ። ምንድነው ነገሩ?»

«እኔም አላውቅም እትዬ» ብሎ ሳቀ። «ቆይ፣ እዚህ መዝገበ ቃላት አለኝ።» ስልኩን ከፈተና ማንበብ ጀመረ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ተልባ!» አለ።

«ምን ተልባ?»

«ቃሉ ከተልባ ነው የመጣው። በላቲን ተልባ ሊኑም ይባላል። ከአገዳው የሚፈተለው ክር ሊኒያ ተባለ። ቆይቶ ክር ሁሉ፣ ገመድ ሁሉ በዚያ ስም ተጠራ። ከዚያ በገመድ ተለክቶ የሚሰመረው መስመር፣ ከዚያ ደግሞ ተራ በተራ የቆመ ነገር ሁሉ።»

ሁሉም አንድ ላይ ማውራት ጀመረ። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ! ዝም በሉና ያንብብ» አለች እትዬ ወርቄ፣ ተረቱ ስለገጠመላት ራሷ ሳቀች።

«ገበሩስ?» አልኩት።

«ድሮ ልብስ ውስጥ የሚገባው ገበር የተልባ ክር ጨርቅ ነበር። ገበር ማድረግ ራሱ በዚያው ስም ቀረ።»

ሰላም ብድግ አለች። «የተልባ እግር!» አለች። «ቸርች ሲነበብ እንሰማለን እኮ፣ የተልባ እግር ልብስ እየተባለ። እሱ ነው ማለት ነው!»

«እኛስ ቤተ ክርስቲያን አንሰማም?» አለች እትዬ ወርቄ። «የጨርቁ ስም ነው ብዬ አልፌው ነበር እንጂ፣ እግሩ የእውነት የተልባ እግር መሆኑን ማን ነገረኝ።» ከዚያ መርፌዋን ለሰላም እያሳየች «እንግዲህ እኔና አንቺ ስንሰማው የኖርነው ቃል አንድ ነው» አለቻት። ከዚያ በፊት በሃይማኖት ነገር ሁለቱ ሲከራከሩ እሰማ ስለነበር፣ መስማማታቸው ደስ አለኝ።

«ዴድላይንስ?» ብላ ጠየቀች ከማዶ አንዷ ኦፕሬተር።

ናትናኤል ፈለገ። «አሜሪካ ውስጥ ድሮ የእስር ቤት ወሰን ነበር ይላል። ያን መስመር ያለፈ እስረኛ ይተኮስበት ነበር።»

«እኛማ በየሳምንቱ እያለፍነው ይኸው አለን!»

ሳቁ ሲበርድ ሰላም አሰብ አድርጋ «ግን እኛስ?» አለች። «የስልክ መስመር እንላለን፣ የታክሲ መስመር እንላለን፣ ልጅ ሲባልግ መስመር ለቀቀ እንላለን። ሐረግስ? ዛፍ ላይ የሚወጣው ሐረግ ነው፣ የዘርም ሐረግ አለ።» እውነቷን ነው። እንግሊዞቹን በአንድ ልብስ ስናማ እኛም ያቺኑ አጥበን የምንለብስ ነን።

እኔ የሰማሁትን ሳልነካ አላምንም። እትዬ ወርቄ ሰላሌ ወንድም አላት። ሊጠይቃት ሲመጣ አንድ እቅፍ የተልባ አገዳ ይዞላት መጣ። «ፍሬውን ትታችሁ ገለባውን ምን ልታደርጉት ነው?» እያለ ነው የሰጠን። መካኒሳ እኔ ቤት ግቢ ውስጥ በባልዲ ውሃ ዘፈዘፍነው። ከቀናት በኋላ መሽተት ጀመረና ጎረቤት ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወጣ። «ብርቱካን ምን ሞቶባት ነው?» ተባለ። አወጣነው፣ አደረቅነው፣ በእንጨት ቀጠቀጥነው። ሰላም በጣቷ ገለባውን ስታራግፍ ቢጫ ቃጫ የመሰለ ነገር ቀረ። እትዬ ወርቄ ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ ፈተለችው። ሻካራ ነው፣ ወጣ ገባ ነው፣ ግን ክር ነው። እኔ ግራና ቀኝ ይዤ ሳብኩት፤ አልበጠስ አለኝ። ያን ቀን ሦስታችንም እንደ ልጅ ነበርን።

በሳምንቱ አቶ መስፍን ቢሮ ጠራኝ። የሰዓት ጥናቱ አልቋል።

«ወይዘሮ ብርቱካን፣ ከላይን አራት የምትነሳው ሰላም ናት» አለኝ።

«ሰላም? ከላይኑ የእሷን ያህል ፈጣን እጅ ያለው የለም!»

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። ሰላም ጠዋት ጠዋት ከሁሉ ታንሳለች፣ ከሰዓት ከሁሉ ትበልጣለች። ወርቅነሽ ቀኑን ሙሉ እኩል ናት። ጥናቱ አልዋሸም። ናትናኤል የያዘው ያየውን ነው፤ ያየው ደግሞ ሰላም የራሷ ክምር ላይ የምታስቀምጠውን ብቻ ነው። ለእትዬ ወርቄ የሰፋችው ሁሉ የእትዬ ወርቄ ተብሎ ተቆጥሯል። በደግነቷ ሰነፍ ተብላለች።

«የሙከራ ጊዜዋ አላለቀም፣ ስለዚህ ማሰናበቱ ከባድ አይደለም» አለ አቶ መስፍን።

እውነቱን እዚያው ብነግረው እትዬ ወርቄ ወጣች ማለት ነው። ዝም ብል ሰላም ወጣች። «እስከ ዓርብ ጊዜ ይስጡኝ» አልኩት። «ላይኑን የማውቀው እኔ ነኝ። ዓርብ እነግርዎታለሁ።» ፈቀደልኝ።

ምሳ ሰዓት ሰላምን ለብቻዋ ይዤ ነገርኳት። አንገቷን ደፋች። «እኔ ወጣት ነኝ፣ ሌላ ቦታ አገኛለሁ» አለች። «እትዬ ወርቄን ማን ይቀጥራታል? እኔ አልናገርም። እግዚአብሔር ያውቃል።»

ተናደድኩ። «እግዚአብሔርማ ያውቃል! አቶ መስፍን ነው የማያውቀው!» አልኳት። አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ እኔ ቆረጥኩ፤ ይህች ልጅ በዚህ ምክንያት ከዚያ በር አትወጣም አልኩ።

ከሥራ ስንወጣ የታክሲው ሰልፍ ረጅም ስለነበር ከእትዬ ወርቄ ጋር በእግር ወደ መካኒሳ ሄድን። ሁሉንም ነገርኳት። አቦ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስንደርስ ቆመች።

«እና? ልቀቂ ነው የምትዪኝ?»

«ሰላም ባንቺ ፋንታ አትወጣም ነው የምልሽ።»

«አንቺ ስትወልጂ ማን ነበር የሰፋልሽ?»

«አንቺ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ያኔ በእኔ ምክንያት የተባረረ ሰው አልነበረም፣ እትዬ።» «ናቲ ያነበበልንን ሰምተሻል። ሰልፍ ውስጥ ከሆንን ሰላም ስትወጣ ላንቺ ተራ ለቀቀችልሽ ማለት ነው፣ ደስ ይበልሽ። ክር ከሆንን ግን የእሷ መበጠስ ያንቺም መበጠስ ነውና ዝም ልትዪ አትችዪም። የትኛው እንደሆንን አንቺ ንገሪኝ።»

ነጠላዋን አስተካክላ፣ ደህና እደሪ እንኳ ሳትለኝ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ገባች። እናቴን የተሳደብኩ ያህል ከበደኝ።

በማግስቱ ከሁላችን ቀድማ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሰላምታዬን አልተቀበለችም። ጥቅሏን በሙሉ ወደ ራሷ ሳበችው። ሰላም እንደ ልማዷ እጇን ስትሰድ የሜትር ገመዷን አንስታ ጣቶቿን ቸብ አደረገቻት። «ተይ! ዛሬ ማንም እንዳይነካብኝ።» ከዚያ ከአዳራሹ ማዶ የቆመውን ልጅ ጠራች። «ናቲ! ና፣ እኔን ለካ።»

«እትዬ ወርቄ፣ የአንቺን እኮ ጨርሻለሁ።»

«የለካኸው የሰላምን እጅ ነው። የእኔን ዛሬ ገና ታያለህ።»

ጠዋት ነው፣ ብርድ ነው። መርፌውን አነሳች፣ ወደቀባት። ጭኗ ላይ በዓይኗ ፈልጋ አገኘችው። እንደገና አነሳች። አንዲት ስፌት፣ ሌላ ስፌት። አጠገቧ ያሉት ሴቶች አንድ በአንድ እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ፣ ማሽኖቹ ዝም እያሉ ሄዱ። ገበሩ ላይ ደም ጠብ ሲል አየሁ። ጣቷን ወግታዋለች፣ አልተሰማትም።

ናትናኤል ሰዓቱን አቆመ።

«ለምን አቆምክ?»

«በቃኝ፣ እትዬ።»

«እኔ አልበቃኝም። ቀጥል።»

ካፖርቱን ጨረሰችው። ደሙን በምራቋ አጠፋች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ አጣጥፋ በግራዋ ላለችው አሳለፈችው። ያን ያህል ኩራት ያለው ሰው አይቼ አላውቅም፤ ያን ያህልም ያሳዘነኝ የለም።

አቶ መስፍን ቢሮ ሦስታችን ወጣን፤ እኔ፣ እሷና ናትናኤል። ናትናኤል «ጥናቱ መታረም አለበት» ብሎ ያየውን ሁሉ ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ እስኪጨርስ አላቋረጠውም።

«ሰላም ትቆያለች» አለ። «ስለ ነገራችሁኝም አመሰግናለሁ። ወይዘሮ ወርቅነሽን ግን ያለ መርፌ የማስቀምጥበት መደብ የለኝም። ቢኖረኝ እሰጥዎ ነበር። ቦተም ላይኑ፣ ያ ወንበር ላይ የሚፈጥን እጅ መቀመጥ አለበት።»

«እኔ እቀመጥበታለሁ» አልኩ።

«እርስዎ ላይን ሊደር ነዎት።»

«ላይን ሊደር የሚያስፈልገው ዓይንና አፍ ነው። እትዬ ወርቄ ከእኔ የተሻለ ሁለቱም አላት፤ እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት። እጅ ያለኝ ግን እኔ ነኝ። ቦታ እንለዋወጥ።»

«የኃላፊነት አበልዎ ይቀራል። ዝቅ ብለው ነው የሚሠሩት።»

«ገብቶኛል።»

እትዬ ወርቄ ዞራ አየችኝ። ከአቦ በር ወዲህ ዓይኗ ዓይኔ ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያው ነበር። አቶ መስፍን «እርስዎስ ምን ይላሉ?» አላት። «ብርቱካን ክር አርዝማ ነው የምትሰፋው» አለች። «ካላሳጠረች እኔ አልመራትም።» ናትናኤል ሳቁን ሊውጥ ፊቱን አዞረ።

ደረጃ መልቀቅ ቀላል ነው የሚል ሰው ደረጃ ኖሮት አያውቅም። ትናንት «አለቃ» ሲሉኝ የነበሩ ልጆች መሀል መርፌ ይዤ ስቀመጥ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት ቤቴ እየገባሁ አልቅሻለሁ። ልጄ «ቀጡሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀስ በቀስ እጄ መርፌውን ለመደው፣ እልሄም ተመለሰ። ወርቅነሽ ተቀምጣበት የነበረውን ወንበር ማዘግየት አልፈለግኩም፣ አላዘገየሁትምም።

እትዬ ወርቄ ላይኑን ስትይዝ መጀመሪያ ያደረገችው እጅ ማዋስን ማስቀረት አልነበረም። ድምፅ እንዲኖረው አደረገች። ያዋሰች ሴት አዋስኩ ትላለች፣ የተዋሰችው ተዋስኩ ትላለች፣ ናትናኤልም በሰፋችው ሴት ስም ይይዛል። መጀመሪያ አፈርን። አሮጊቶቹ «ነውር ነው» ብለው አጉረመረሙ። «ነውሩ የሰላምን ሥራ በእኔ ስም መቁጠሩ ነው» ብላ ዝም አሰኘቻቸው። የሰላም የሙከራ ጊዜ አለቀና ቋሚ ሆነች። የታረመው ጥናት ላይ ስሟ ከላይ ነበር።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከሰላም አጠገብ ተቀምጬ ገበር ሰፋሁ። እትዬ ወርቄም ከእኔ ቀድማ ጡረታ እስክትወጣ በኋላችን እየተመላለሰች «ብርቱካን፣ ክርሽ!» ስትለኝ ኖራለች። ላይን የሚለውን ቃል በብዙ ትርጉም ሰማሁት፣ አሁንም ናትናኤል አዲስ ሲያገኝ ይልክልኛል። ከሥራዬ የተማርኩት ግን አንድ ነገር ነው፣ እሱም መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም። ሥራ ላይ ሰው ስትረዱ በግልጽ እርዱ። ተደብቆ የሚሰጥ እርዳታ ለሚለካው ሰው ስንፍና ይመስለዋል፣ የሚባረረውም የረዳው ነው።